ግሬስ ሆፐር፡ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ውል ፍለጋ የኖረችው አድሚራል

የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ሙያው ያደረገ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። አዲስ መሥሪያ ቤት ይገባና በብዙ ሺህ መስመሮች የተጻፈ ኮድ ይረከባል። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ እንዴትና ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ሰው ግን በአካባቢው የለም።

በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈውን ይህን ቅኔ ለመፍታት ሲታገሉ የሚያመሹ ባለሙያዎች የሚጋፈጡት ችግር ከኮምፒውተር ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ከችግሩ ጋር ቀድመው ከተፋጠጡት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን ግሬስ ሆፐር ነበረች።

ሆፐር ከሞተች ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አልፈዋል። ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች አንዲት የእሳት እራት ጋር ተያይዞ ነው። የሕይወቷ ዋና ሥራ ግን ሌላ ነበር። አንድ ሰው ለማሽን የጻፈውን ትእዛዝ ሌላ ሰው አንብቦ እንዴት ሊረዳው ይችላል የሚለውን ጥያቄ ከ40 ዓመታት በላይ ስትከታተለው ኖራለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰባት የደወል ሰዓቶች

ግሬስ ብሩስተር መሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደረው አባቷ ሴቶች ልጆቹ ከወንድማቸው እኩል እንዲማሩ ይሻ ነበር።

ስለ ልጅነቷ በብዛት የሚነገረው ታሪክ ቤተሰቡ የክረምት ዕረፍቱን በሚያሳልፍበት የኒው ሃምፕሸር ቤት የተፈጸመ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ አንድ የደወል ሰዓት ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ፈታችው። ጥርሳም ጎማዎቹና ብሎኖቹ ተበታተኑ፤ መልሳ ልትገጥማቸው ብትሞክርም አልሆነላትም። ያልተፈታ ሰዓት ምን እንደሚመስል ለማየት ሁለተኛውን ከፈተች። እሱም ተበተነ። በዚህ ዓይነት በቤቱ የነበሩት ሰባት ሰዓቶች አንድ በአንድ ተፈቱ። እናቷ ነገሩን ስትደርስበት ልጇን ከመከልከል ይልቅ አንድ ሰዓት ብቻ እንድትፈታ ፈቀደችላት።

ታሪኩ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ውስጡ አንድ ዘዴ አለው። የተበላሸውን ለመረዳት ከሚሠራው ጋር ማስተያየት፣ አንዷን ክፍል አንስቶ ሌላው ምን እንደሚሆን ማየት፣ የተፈታውን መልሶ ለመግጠም መሞከር። ዛሬ ያልለመዱትን ኮድ የሚመረምሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በ16 ዓመቷ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት ስትፈተን የላቲን ውጤቷ አነስ ብሎ ሳይሳካላት ቀረ። በዓመቱ ገባች፤ በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ሁለተኛ ዲግሪዋን፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪዋን በሒሳብ አገኘች። በ1930 የሥነ ጽሑፍ መምህሩን ቪንሰንት ሆፐርን አገባች። ትዳራቸው በ1945 በፍቺ ቢያበቃም የባሏን ስም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይዛው ቆይታለች።

በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ስታስተምር ተማሪዎቿን ግር የሚያሰኝ ልማድ ነበራት። አንድ የሒሳብ ቀመር ካስረዳች በኋላ ስለ ቀመሩ በቃላት ድርሰት እንዲጽፉ ታዛቸዋለች። ተማሪዎቹ የተመዘገቡት ለሒሳብ እንጂ ለቋንቋ ትምህርት እንዳልሆነ እየጠቀሱ ያጉረመርማሉ። የእርሷ መልስ ሒሳብን ዐውቆ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማይችል ሰው ዕውቀቱ እንደማይጠቅም የሚያሳስብ ነበር።

ጃፓን በ1941 ፐርል ሃርበርን ስትደበድብና አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ሆፐር ለባሕር ኃይል ለመመዝገብ ተነሳች። ቅድመ አያቷ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበር። ነገር ግን ዕድሜዋ ከፍ ያለ፣ የሰውነት ክብደቷም ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። የሒሳብ መምህርነቷም ለአገር የበለጠ ይጠቅማል ተባለ። ሆኖም አልተመለሰችም፤ በክብደቷ ላይ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷት በዲሴምበር 1943 በባሕር ኃይሉ የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገባች። በ1944 ከመኮንኖች ማሠልጠኛ አንደኛ ሆና ወጣች።

መመሪያ ያልነበረው ማሽን

ጁላይ 2 ቀን 1944 ሌተናንት ሆፐር ወደተመደበችበት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የጠበቃት ማርክ ዋን የተባለ ኤሌክትሪክና መካኒክን ያጣመረ የሒሳብ ማሽን ነበር። ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ክብደቱ ከአራት ቶን በላይ፣ ውስጡ የተዘረጋው ሽቦም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ አንድ ማባዛት ግን ስድስት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል።

የማሽኑ አባት ኮማንደር ሃዋርድ አይከን ጥብቅና ችኩል ሰው ነበር። ለሒሳብ መምህሯ አንድ የኮድ መጽሐፍ አስጨብጦ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ማሽኑን ማዘዝ ተምራ የአርክታንጀንት ስሌት የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች እንድታወጣ አዘዛት። ሆፐር ከዚያ በፊት ኮምፒውተር አይታ አታውቅም።

ማርክ ዋን ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። እያንዳንዱ የትእዛዝ መስመር ለ24 ቀዳዳዎች የሚሆን ቦታ አለው። ቦታው በሦስት ይከፈላል፦ ቁጥሩ ከየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚገባ፣ በመካከሉ ምን እንደሚደረግበት። ማሽኑ 23 አኃዝ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዙ 72 የማከማቻና የመደመሪያ ክፍሎች አሉት። ጥቅልሉን ለሚያይ ሰው የሚታየው ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳው የቆመለትን ሐሳብ የሚነግረው ምልክት የለም።

ቀድመዋት የነበሩት ከእርሷ በዕድሜ በጣም የሚያንሱት ሁለት መኮንኖች፣ ሮበርት ካምቤልና ሪቻርድ ብሎክ ነበሩ። የ37 ዓመቷ ዶክተር ከእነርሱ ጎን ተቀምጣ እየጠየቀች ተማረች። ብሎክ ፕሮግራሙን ያለ ስርዝ ድልዝ በእስክሪብቶ የሚጽፍ፣ ብዙውን ጊዜም የማይሳሳት ሰው እንደነበር ይነገርለታል። ሆፐር የእርሱን ሥራ በማንበብ የማሽኑን ጠባይ ዐወቀች፤ ማሽኑን ከሠሩት ሥዕላዊ ንድፎች ጋር እያስተያየችም የእያንዳንዱን ትእዛዝ መንገድ ተከተለች።

ዘዴው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አንድ ቁጥር ይመረጣል። ከየትኛው ክፍል ወጥቶ የት እንደሚገባ በእርሳስ እየተመለከተ መስመር በመስመር ይከተሉታል። ውጤቱ አስቀድሞ በእጅ ከተሰላው ጋር ይመሳከራል። ካልተስማማ ልዩነቱ የተፈጠረበት መስመር ይፈለጋል። አንባቢው ኮዱን ሙሉ በሙሉ ከመረዳቱ በፊት አንዲት ቀጭን ክር ይዞ እስከ ጫፏ ይሄዳል፤ የልቃቂቱ ውል የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሥራው የጦርነት ሥራ ነበርና ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። በዚያው በ1944 የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን አንድ አስቸጋሪ ስሌት ይዞ ወደ ሃርቫርድ መጣ። ስሌቱ የአቶሚክ ቦምብ ከሚሠራበት ፕሮጀክት የመጣ መሆኑን የማሽኑ ባለሙያዎች በወቅቱ አልተነገራቸውም። ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። አንድን ፕሮግራም መስመር በመስመር ማወቅና ዓላማውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አጋጣሚ ማግኘት ይከብዳል።

አይከን ለሆፐር የሰጣት ሌላው ሥራ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ መጻፍ ነበር። መጽሐፍ ጽፋ እንደማታውቅ ብትናገርም አሁን በባሕር ኃይል ውስጥ መሆኗ ተነግሯት ወደ ሥራው ገባች። የዕለቱን ገጾች ማታ ማታ ለአይከን ታነብለት ነበር። ከ500 ገጾች በላይ ያለው መመሪያ በ1946 ታተመ። መጽሐፉ ማሽኑን ከነክፍሎቹ የሚገልጽና ምሳሌ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን ከነማብራሪያቸው የያዘ ነው። ያለ መመሪያ ማሽኑን የተረከበችው ሴት ከእርሷ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደ እርሷ እንዳይቸገር መንገዱን ጠረገች።

የእሳት እራቷ

ከጦርነቱ በኋላ ቫሳር ኮሌጅ መምህርቱን መልሶ ሊቀበል ዝግጁ ቢሆንም፣ ሆፐር በተመራማሪነት ሃርቫርድ ቆየች። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ ቱ ሠራተኞች ማሽኑ የተሳሳተ ውጤት ሲሰጣቸው ክፍሎቹን እየፈተሹ ሄዱ። ሪሌይ በሚባለው የኤሌክትሪክ መዝጊያና መክፈቻ መካከል አንዲት የእሳት እራት ተጣብቃ ሞታ ተገኘች። ሠራተኞቹ አውጥተው በዕለት መዝገቡ ገጽ ላይ በማጣበቂያ ለጠፏት፤ ከጎኗም በእውነት የተገኘች የመጀመሪያዋ ነፍሳት መሆኗን በቀልድ ጻፉ።

ቀልዱ የገባቸው መሐንዲሶች የማሽንን ብልሽት ነፍሳት የሚል ትርጉም ባለው ባግ በሚባለው ቃል መጥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረው ስለነበር ነው። ቃሉን የፈጠረችው ሆፐር አይደለችም፤ እራቷንም ያገኘቻት እርሷ አልነበረችም። ነገር ግን ታሪኩን በየአዳራሹ እያዋዛች ስለምትተርከው ከስሟ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የመዝገቡ ገጽ ከነእራቷ ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ከታሪኩ ውስጥ ትኩረት ሳይሰጠው የሚታለፈው መዝገቡ ነው። ሠራተኞቹ በየሰዓቱ ምን እንደተሞከረ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተገኘ ይጽፉ ነበር። በማግስቱ ተረኛ የሚሆነው ሰው ትናንት የሆነውን ሊያውቅ የሚችለው በዚያ ነው።

እነዚያ ዓመታት ለሆፐር ቀላል አልነበሩም። ሃርቫርድ ቋሚ ቦታ አልሰጣትም። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች በ1940ዎቹ መጨረሻ ከመጠጥ ጋር ብርቱ ትግል ውስጥ እንደነበረችና ወዳጆቿም ስለ ጤናዋ ይሰጉ እንደነበር ጽፈዋል። በ1949 ከዩኒቨርሲቲው ወጥታ ፊላደልፊያ ውስጥ ገና በመቋቋም ላይ የነበረ ኤከርት ሞክሊ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ስትቀላቀል 42 ዓመቷ ነበር።

ከደብተር ወደ ደብተር

በፊላደልፊያ የመጀመሪያው ፈተናዋ ቁጥር ነበር። ኩባንያው የሠራው ባይናክ የተባለው ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍለት እንደ እኛ በአሥር ሳይሆን በስምንት መሠረት በሚቆጥር ሥርዓት ነው። ሆፐር ይህን አቆጣጠር እስክትካንበት ለመደችው። ከጊዜ በኋላ የባንክ ሒሳቧ አልገጥም አላት። የባንክ ባለሙያ የሆነው ወንድሟ ሰነዶቹን ተመልክቶ ምክንያቱን ደረሰበት፦ እኅቱ አንዳንድ ጊዜ ገንዘቧን የምትቀንሰው በስምንት መሠረት ነበር።

ሆፐር ይህን ታሪክ እየሳቀች ብትናገረውም ከባድ ጥያቄ አስነሳባት። አንድ ሰው ከማሽን ጋር ለመነጋገር ብሎ የራሱን አስተሳሰብ እስከዚህ ድረስ የሚለውጥ ከሆነ፣ ስንት ሰው ይህን ዋጋ ሊከፍል ይችላል? ሒሳብ የሚሠራው ማሽን ለሒሳብ ሊቃውንት ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የደብተሮቹ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ከዚህ ቀደም የተሞከሩና የተፈተኑ ቁርጥራጭ ፕሮግራሞችን፣ ለምሳሌ ሳይንን የሚያሰላውን፣ በየደብተራቸው ያስቀምጡ ነበር። አንዱ ሲያስፈልገው ከባልደረባው ደብተር ይገለብጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ የነበረው ቁራጭ በሌላው መካከል ሲገባ፣ በውስጡ ያሉት የማኅደረ ትውስታ አድራሻዎች በሙሉ በድምር መስተካከል አለባቸው። አንዲት አድራሻ ብትረሳ ፕሮግራሙ በሙሉ ይሳሳታል።

የሰው የእጅ ጽሑፍም የራሱ ጣጣ ነበረው። የዩኒቫክ ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ሦስት ማዕዘን ምልክት በችኮላ ሲጻፍ 4 ቁጥርን ይመስላል። ቢ የተባለው የላቲን ፊደል ደግሞ 13 ሆኖ ይነበባል። ሆፐር የባልደረቦቿንና የራሷን ስሕተቶች ስታስተውል ሰዎች መገልበጥም መደመርም በደንብ እንደማይሆንላቸው ተረዳች። ከአጠገባቸው የቆመው ግዙፍ ማሽን ግን ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የተሻለ የሚሠራው ነገር አልነበረም።

በ1951 እና በ1952 የሠራችው ኤ-ዜሮ የተባለው ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። የተፈተኑት ቁርጥራጮች በማግኔት ጥቅልል ላይ መለያ ቁጥር እየተሰጣቸው ተቀመጡ። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልጋቸውን በቅደም ተከተል ይጠራል፤ ማሽኑ ራሱ እየፈለገ፣ እየገለበጠና አድራሻቸውን እያስተካከለ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ሆፐር ይህን ዓይነት ፕሮግራም ኮምፓይለር አለችው፤ በቁሙ አሰባሳቢ እንደማለት ነው። ዛሬ ኮምፓይለር ከሚባለው ይልቅ ቁርጥራጮችን አያይዞ ወደ ማሽኑ ከሚጭነው ፕሮግራም ጋር ይቀራረባል፤ መንገዱን የከፈተው ግን እርሱ ነው። ሐሳቡን ያጫረባት የባልደረባዋ የቤቲ ሆልበርተን ሥራ እንደሆነም ሳትደብቅ ትናገር ነበር። ሆልበርተን ከዚያ ቀደም ብላ ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርታለች።

በመንገዱ ላይ አንድ እንቅፋት ነበር። ማሽኑ ፕሮግራሙን ከላይ ወደ ታች እያዘጋጀ ሲሄድ፣ ገና ቦታው ወዳልታወቀ የኋላ ክፍል ዝለል የሚል ትእዛዝ ቢያጋጥመው ምን ያደርጋል? ሆፐር መልሱን ያገኘችው በኮሌጅ ትጫወተው ከነበረው ቅርጫት ኳስ ነው። ተጫዋቿ ኳሱን ለጊዜው ለጓደኛዋ ታቀብልና ወደፊት ሮጣ ቦታ ስትይዝ መልሳ ትቀበላለች። ማሽኑም እንዲሁ ዝላዩን ለጊዜው ወደ አንድ ባዶ ጥግ እንዲልክ፣ ትክክለኛው ቦታ ሲታወቅ ከዚያ ጥግ እንዲያስቀጥል አደረገችው።

የሥራ ባልደረቦቿ በቶሎ አላመኗትም። ኮምፒውተር ስሌት ይሠራል እንጂ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር። በግንቦት 1952 ፒትስበርግ ላይ ጽሑፍ አቀረበች፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከተማ ለከተማ እየዞረች አስረዳች።

ሰው የሚያነበው ፕሮግራም

የንግድ ድርጅቶች ኮምፒውተር መግዛት ሲጀምሩ ሆፐር ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ አስተዋለች። አንዳንዶቹ በሒሳብ ምልክት ማሰብ ይወዳሉ። የደመወዝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤትና የሽያጭ ሥራ የሚመሩት ግን በቃላት ነው የሚያስቡት። ለእነዚህ ሰዎች ፕሮግራሙ የሚያነቡት ጽሑፍ ሊሆንላቸው ይገባል አለች። የሥራ ሰዓትን በሰዓት ክፍያ አባዛ፤ ውጤቱንም ደመወዝ በለው የሚል ዓይነት ትእዛዝ የሒሳብ ሹሙም የፕሮግራም ጸሐፊውም እኩል ሊያዩት፣ ሊከራከሩበትና ሊያርሙት ይችላሉ።

በ1955 ለኩባንያዋ አለቆች ሐሳቧን ስታቀርብ በእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ማሽኑ ተቀብሎ ሲሠራ አሳየች። ከዚያም ቃላቱን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ተክታ ያንኑ ፕሮግራም አሠራች። ለእርሷ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ማሽኑ የሚያየው የምልክቶች ቅደም ተከተል ብቻ ስለሆነ የትኛውም ቋንቋ ያው ነው። አለቆቹ ግን ደነገጡ። ፊላደልፊያ ውስጥ የተሠራ አሜሪካዊ ኮምፒውተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይገባዋል መባሉ የማይታመን ሆነባቸው። ሆፐር በእንግሊዝኛ ብቻ እንደምትወሰን ቃል እስክትገባ ድረስ ብዙ ማስረዳት ነበረባት።

ይህ ትንሽ አጋጣሚ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። የዛሬ የፕሮግራም ቋንቋዎች በእንግሊዝኛ ቃላት መሞላታቸው የማሽኑ ፍላጎት ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ ነው። በሆፐር አመክንዮ ከሄድን ማሽኑ የላቲኑን ፊደል ከግዕዙ የሚያስበልጥበት ምክንያት የለውም።

ከዚህ ሥራ ፍሎውማቲክ የተባለው ቋንቋ ወጣ። በግንቦት 1959 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በፔንታጎን በጠራው ስብሰባ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒውተር አምራቾች ለንግድ ሥራ የሚሆን አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ውጤቱ ኮቦል ነው። ሆፐር ብዙ ጊዜ የኮቦል እናት ትባላለች፤ ቋንቋውን በኮሚቴ የነደፉት ግን እንደ ጂን ሳሜት ያሉ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። የእርሷ ድርሻ በአማካሪነቷና ለአዲሱ ቋንቋ ዋና መሠረት በሆነው በፍሎውማቲክ በኩል ገባ።

በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ላይ፣ ጥቂት ብቻ ተስተካክሎ፣ ሠራ። ከዚያ በፊት ማሽን ሲለወጥ ፕሮግራሙ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

ቃሉ ቢነበብም

የሆፐር ሐሳብ ሁሉንም አላሳመነም። ስመ ጥሩው የኔዘርላንድስ የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1970ዎቹ ኮቦልን በብርቱ ነቅፏል። በእርሱ ዓይን የተለመዱ ቃላትን መደርደር የአስተሳሰብን ጥራት አያመጣም።

ሌላው ጥያቄ ከዴንማርኩ ፒተር ናውር መጣ። ናውር በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ ፕሮግራም እውነተኛ ግንዛቤ የሚኖረው በጻፉት ሰዎች አእምሮ ውስጥ እንደሆነ ተከራክሯል። ኮዱም ሆነ ሰነዱ ያንን ግንዛቤ ሙሉ በሙሉ አያስተላልፍም፤ አዲስ የሚመጣው ሰው ከሚያውቁት ጎን ሆኖ መሥራት አለበት። በዚህ ዓይን ካየነው የ1944ቷ ሆፐር የዳነችው በኮድ መጽሐፉ ሳይሆን ካምቤልና ብሎክ አጠገቧ ስለነበሩ ነው።

ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኗል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ ድርጅቶች ዓመተ ምሕረትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚመዘግቡ አሮጌ ፕሮግራሞቻቸው በ2000 እንዳይሳሳቱ የቀድሞ ሰዎች የጻፉትን ኮድ መስመር በመስመር አስመረመሩ። ከዚያ ውስጥ ብዙው በኮቦል የተጻፈ ነበር። በ2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ሥራ አጦች የእርዳታ ማመልከቻ ሲያጎርፉ የኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዷቸው በአደባባይ ጠየቁ። ቃላቱ ይነበባሉ፤ ሥርዓቱን ከነምክንያቱ የሚያውቁት ሰዎች ግን ጡረታ ወጥተዋል ወይም አልፈዋል።

ይህ የሆፐርን ድካም ከንቱ አያደርገውም። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የተከፈተ ፕሮግራም ቢያንስ ስለ ደመወዝ ይሁን ስለ ግብር እንደሚናገር የሚታወቀው ቃላት ስላሉት ነው። የተበሳ ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር እንኳ ባልታወቀ ነበር።

ጡረታ ያልያዛት መኮንን

በ1966 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ ሆፐርን በዕድሜዋ ምክንያት ከተጠባባቂነት በጡረታ አሰናበታት። ቀኑ የሕይወቷ እጅግ አሳዛኝ ቀን እንደነበር ኋላ ተናግራለች። ስንብቱ ግን ዓመት እንኳ አልዘለቀም። በባሕር ኃይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ኮቦልን በራሱ ዘዬ ይጽፍ ነበርና የአንዱ ፕሮግራም ለሌላው አልገባ አለ። በ1967 ይህን መልክ እንድታስይዝ ለስድስት ወራት ተጠራች፤ ስድስቱ ወራት ወደ 19 ዓመታት ተለጠጡ። ቡድኗ የየኩባንያው ኮምፓይለር የኮቦልን ደንብ በትክክል መከተሉን የሚፈትሹ ፕሮግራሞችን አዘጋጀ።

በእነዚህ ዓመታት የምትታወቀው በንግግሮቿ ነበር። ሳተላይት ሲያስተላልፍ ለምን እንደሚዘገይ ለሚጠይቋት ጄኔራሎች 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ ቁራጭ ታድላለች። ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ከዚያ በላይ ሊጓዝ አይችልም። በእጅ የማይዳሰሰውን ነገር በእጅ አስይዛ ታስረዳ ነበር። በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅላለች፤ ጎብኚው ጥቂት ካየው በኋላ ሰዓቱን ያለ ችግር ያነበዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ያደረግነው የሚለውን ምክንያት አጥብቃ ትጠላ ስለነበር ሰዓቱ መልሷ ነበር።

በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆነች፤ ማዕረጉ በ1985 ሪር አድሚራል ተብሎ ተሰየመ። ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ፣ በ1797 ለባሕር በበቃችው ዩኤስኤስ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ታሪካዊ መርከብ ላይ በ79 ዓመቷ ተሰናበተች። በወቅቱ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ነበረች። ከዚያም በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ በአማካሪነት ሠራች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመቷ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዐረፈች፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም በሙሉ ወታደራዊ ክብር ተቀበረች።

ከሞተች በኋላ የጦር መርከብ በስሟ ተሰየመች። በ2016 ፕሬዝዳንት ባራክ ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ለመታሰቢያዋ ሰጡ። በ2017 ደግሞ ዬል ዩኒቨርሲቲ አንዱን ኮሌጁን በስሟ ጠራ።

የማርክ ዋን ማሽን ከሥራ ከወጣ ቆይቷል። በ1946 የታተመው መመሪያው ግን ዛሬም ይነበባል። መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ያ ግዙፍ ማሽን አንድን ቁጥር ከየት አንስቶ የት እንደሚያደርስ ሊከተል ይችላል። የሚያስረዳው ሰው በሕይወት ባይኖርም ማስረጃው ተጽፎለታል።